የካፋ ቡና ችግኝ ስንት ብርሃን ይበቃዋል?

እዚህ ስቶክሆልም በታኅሣሥ ፀሐይ የምትታየው ለ6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በካፋዋ ከተማ ቦንጋ ግን ዓመቱን ሙሉ ቀኑ ከ12 ሰዓት ብዙም አይርቅም፤ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። በክረምት ቤት ውስጥ ችግኝ ለማፍላት ያሰበ ሰው መብራት ያስፈልገዋል።

ሱቅ ስንገባ ግን ብዙዎቻችን የምናየው ዋቱን ነው። ዋት የሚነግረን መብራቱ የሚፈጀውን ኤሌክትሪክ ነው፤ ሉመን ደግሞ ለሰው ዐይን የሚታየውን ድምቀት። ለተክል የሚጠቅመው ቁጥር ፒፒኤፍዲ የሚባለው ነው፤ ቅጠሉ ላይ በየሰከንዱ የሚያርፈውን፣ ተክሉ ምግብ የሚሠራበትን ብርሃን ይለካል። ከምን ያህል ርቀት እንደተለካም ካርቶኑ ላይ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈበት ባትገዙት እመክራለሁ።

አሁን ወደ ቡናችን። የካፋ ቡና የጫካ ልጅ ነው፤ በዋንዛ፣ በብርብራና በሰሳ ጥላ ሥር ያደገ። ዩኔስኮ ያንን ደን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2010 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ችግኝ የሚያፈሉ ገበሬዎችም መደቡ ላይ የሣር ዳስ ይጥላሉ፤ መትከያው ሲቃረብ ሣሩን እያሳሱ ችግኙን ፀሐይ ያለማምዱታል። እዚህም ማድረግ ያለብን ይህንኑ ነው። ከ100 እስከ 200 ፒፒኤፍዲ የሚሰጥ ነጭ ኤልኢዲ፣ በታይመር በቀን 12 ሰዓት፣ ለቡና በቂ ነው። ብርሃኑ ሲበረታ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ሲያንስ ግንዱ ቀጥኖ ይመዘዛል። ሐምራዊው ኤልኢዲም ያሳድጋል፤ ነገር ግን በእሱ ሥር የቅጠሉን ትክክለኛ ቀለም ማየት ስለማይቻል ሕመሙን በጊዜ አንደርስበትም።

ሚጥሚጣና በሶብላ ሌላ ናቸው፤ ፀሐይ ወዳድ ስለሆኑ የቡናውን እጥፍ ብርሃንና በቀን ከ14 እስከ 16 ሰዓት ይፈልጋሉ። ከቡናው ጋር በአንድ መብራት ሥር የምታሳድጉ ከሆነ እነሱን አቅርቡ፣ ቡናውን ወደ ዳር አርቁ።

ዘሩ እስኪበቅል ድረስ ግን ቡና መብራት አይጠይቅም። የሚፈልገው እርጥበትና ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሙቀት ነው፤ ያም ሆኖ አንድ ሁለት ወር ይቆያል። ለመቁላት የተገዛ ጥሬ ቡና ብዙ ጊዜ አይበቅልም፤ የቡና ዘር በጥቂት ወራት ውስጥ የመብቀል ኃይሉን ያጣልና። ከአገር ቤት በሻንጣ ማምጣትም ያለ ዕፅዋት ጤና ምስክር ወረቀት አይፈቀድም፤ እዚሁ ካሉ የዘር ሻጮች ትኩሱን ጠይቁ።