ኮምጣጣ አፈርና የምድጃ አመድ



አሲድና ቤዝ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በቤተ ሙከራ መደርደሪያ ላይ የተደረደሩትን ጠርሙሶች ነው። እኛ ግን ዛሬ ነገሩን ከመንዝ ደጋ፣ ከጓሳ አጠገብ ካለው የገብስ ማሳ ላይ ሆነን ልንመለከተው ፈቅደናል።

አስቀድመን ትርጉሙን እንያዝ። የስዊድኑ ሊቅ አሬኒየስ እንዳስረዳው፣ አሲድ ማለት በውሃ ሲሟሟ የሃይድሮጅን አዮን የሚሰጥ፣ ቤዝ ማለት ደግሞ የሃይድሮክሳይድ አዮን የሚሰጥ ነገር ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ውሃና ጨው ይሆናሉ፤ አንዱም የሌላውን ኃይል ያጠፋል። በ1909 እ.ኤ.አ. በኮፐንሃገን በካርልስበርግ ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ሶረንሰን ፒኤች የሚባለውን መለኪያ አወጣ። በዚህ መለኪያ 7 መካከለኛ ነው፤ ከዚያ በታች አሲድ፣ ከዚያ በላይ ቤዝ ይባላል። የአንድ ቁጥር ልዩነት ዐሥር እጥፍ ስለ ሆነ፣ ፒኤቹ 5 የሆነ አፈር 7 ከሆነው መቶ እጥፍ የሃይድሮጅን አዮን አለበት።

ምሳሌውም ከቤታችን አይርቅም። ሊጥ በእርሾ ሲቦካ የሚያኮመጥጠው በተለይ ላክቲክ አሲድ ነው፤ የምድጃ አመድ ደግሞ ቤዝ ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። ብዙ ዝናብ በሚወርድበት ደጋ ውሃው ካልሲየሙንና ማግኒዥየሙን ከአፈሩ እያጠበ ይወስዳል፤ ቦታቸውንም ሃይድሮጅንና አሉሚኒየም ይይዙታል። አዝመራው ከነገለባው ሲነሣ፣ እንደ ዩሪያ ያለ ማዳበሪያም በየዓመቱ ሲጨመር ኩምጣጤው ይብሳል። ፒኤቹ ከ5.5 በታች ሲወርድ አሉሚኒየሙ ይሟሟና የተክሉን ሥር ያቀጭጫል፤ ፎስፎረሱንም አሥሮ ያስቀረዋል። ገብስ ደግሞ ይህን መከራ ከማይችሉት እህሎች አንዱ ነው። እንግዲህ ገበሬው ተበድሮ የገዛው ማዳበሪያ ከአፈሩ ውስጥ እያለ፣ ገብሱ ግን ሳይጠቀምበት ይቀራል። ዕዳው ግን አይቀርም!

መድኃኒቱ ኖራ ነው። የተፈጨው የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ከአሲዱ ጋር ሲገናኝ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ካልሲየሙም ወደ ቦታው ይመለሳል። ነገር ግን ለአንድ ሄክታር በኩንታል ሳይሆን በቶን የሚቈጠር ኖራ ሊያስፈልግ ይችላልና፣ ያን ሁሉ ወደ ደጋ ማውጣቱ ቀላል አይደለም። እንጨት ባነሰበት አገር ኩበት ይነዳል፤ አመዱም ይደፋል። ይህ አመድ ለሰፊ ማሳ ባይበቃም ለጓሮ ይረዳል። ከዩሪያ ጋር ግን አንድ ላይ አይበተን፤ ቤዙ አሞኒየሙን ወደ አሞኒያ ለውጦ በነፋስ ያስወስደዋልና።

የጓሳን ሣር ግን ኖራ አይንካው። የአገሬው ሰው በጋራ ሲጠብቀው የኖረው ይህ ሣር ከአፈሩ ጋር ተስማምቶ የበቀለ ነው፤ ኩምጣጤ ለገብስ ጠላት ቢሆን ለተክል ሁሉ ጠላት አይደለም።

ስለዚህ ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ የፒኤች ወረቀት በኪሳችን ይኑር። ከማሳው ከልዩ ልዩ ስፍራ አፈር ወስደን፣ በንጹሕ ውሃ በጥብጠን እንለካ። ሳይለኩ ኖራ መበተን ሕመሙን ሳይመረምሩ መድኃኒት እንደ መስጠት ነው፤ ኖራው ሲበዛ ብረቱንና ዚንኩን ያሥራልና። ትምህርታችን ከፈተና ወረቀት አልፎ ከአባቶቻችን ማሳ ሲደርስ ያን ጊዜ ተማርን እንበል።