የጤና ሙያ ውሎና አዳር

(በጎንደር ከተማ ለ12ኛ ክፍል ተመራቂዎች የተደረገ ንግግር)



የትምህርት ቤቱ አስተዳደር ለዚህ ክብር በጠራኝ ጊዜ፣ ከመካከላችሁ ብዙዎቹ የጤና ሙያን ለመማር እንደሚመኙ ገልጦ ስለ ምርጫውና ስለ ዝግጅቱ ጥቂት እንድናገር ስለ ጠየቀኝ፣ እኔም ዕድሜዬን በጤና መኮንንነት በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሳለፍሁ ሽማግሌ ስለ ሆንሁ፣ ከማውቀው ሳልወጣ ለመናገር ተስማምቼ መጥቻለሁ። ቅድም በር ላይ ካገኘኋችሁ መካከል አንዳንዶቻችሁን ምን ለመሆን እንደምታስቡ ብጠይቅ፣ ሁላችሁም ባንድ አፍ «ዶክተር» አላችሁኝ። ነርስ እሆናለሁ ያለ አንድ ስንኳ አልተገኘም፤ አዋላጅ ነርስ ወይም የላቦራቶሪ ባለሙያ እሆናለሁ የሚልማ ከየት ይመጣል!

በዚህ አልነቅፋችሁም፤ ሐኪምነት የከበረ ሙያ መሆኑን መጽሐፈ ሲራክ እንኳ በ38ኛው ምዕራፉ አስፍሮታል፤ ለልጁ ከፍ ያለውን የማይመኝ ወላጅም የለም። የሚያሳስበኝ ግን፣ ሙያውን የሚመኝ ሰው ሥራውን ሳያይ ስሙን ብቻ ተመኝቶ፣ ኋላም ውጤቱ ወይም ምደባው ወደ ሌላው የጤና ትምህርት ቢመራው፣ ዕድሜ ልኩን እንደ ተረፈ ሰው ራሱን ቈጥሮ፣ ለሕሙማን በሚገባው ፊት ሳይሆን በቂም ፊት የሚቀርብ መሆኑ ነው። እንዲህ ያሉትን ብዙ አይቻለሁ፤ የሚጎዳው ደግሞ ከነርሱ ይልቅ በሽተኛው ነው።

ጤና በሐኪም ብቻ እንደማይጠበቅ ምስክር ለመፈለግ ከዚህች ከተማ መውጣት አያስፈልገንም። በ1940ዎቹ አጋማሽ የደንቢያ ሜዳ በወባ ወረርሽኝ ተመትቶ ቤቶች ባዶ በቀሩበት ዘመን፣ በአገራችን የነበሩት ሐኪሞች እጅግ ጥቂቶች፣ የሚበዙትም የውጭ አገር ሰዎች ሆነው በታላላቅ ከተሞች የተቀመጡ ስለ ነበሩ፣ መንግሥት ከዓለም የጤና ድርጅት፣ ከተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅትና ከአሜሪካ መንግሥት ጋራ ተባብሮ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅንና ማሠልጠኛ ማዕከልን እዚሁ ጎንደር ላይ አቋቋመ። የኮሌጁ አሳብ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን ባንድ ግቢ አስተምሮ ባንድ ቡድን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ ነበር። መኮንኑ ይመረምራል፣ ያክማል፤ ነርሷ ነፍሰ ጡሯንና አራሷን ከቤቷ ድረስ ሄዳ ትጎበኛለች፤ ሳኒታሪያኑ ምንጩን ያጎለብታል፣ መጸዳጃ ያስቈፍራል፣ ውሃ የሚያቍርበትን ጕድጓድ ያስደፍናል። ሦስቱ ባንድነት ካልሠሩ አንዱ ብቻውን ምሉዕ አልነበረም፤ መኮንኑ በመድኃኒት ያዳነውን ሕፃን ያልተከለለ ምንጭ በሳምንቱ ይመልስለታልና። በ1951 ዓ.ም. ዳግመኛ ወባ ተነሥቶ 3 ሚሊዮን የሚያህል ሰው እንደ ታመመና 150 ሺህ ያህል እንዳለቀ በተገመተ ጊዜ፣ ከዚህ ኮሌጅ የወጡት ገና ጥቂቶች ነበሩ፤ ሁላችንም ያ ዘመን ምን ያህል እጅ እንዳነሰው እናውቃለን።

ፈንጣጣም ከዚህች አገር የጠፋው በሐኪሞች ብዛት አይደለም። ዘመቻው በ1963 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ፣ ባለ ሁለት ጫፏን መርፌ ይዘው በእግርና በበቅሎ ቆላና ደጋውን ያዳረሱት አብዛኞቹ ሐኪሞች ያልነበሩ፣ አጭር ሥልጠና የተሰጣቸው ክትባት ከታቢዎች ነበሩ፤ በ1968 ዓ.ም. ነሐሴ የመጨረሻው በሽተኛ እስከ ተገኘበት ድረስ ሥራቸውን አልተዉም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችንማ በየቀበሌያችሁ ታውቋቸዋላችሁ፤ እናቶቻችሁ ስለ እነርሱ ከእኔ ይልቅ ሊናገሩ ይችላሉ።

ነገር ግን ሙያ እንዴት እንደሚገኝ ለማሳየት ከሁሉ ይልቅ የምወደው የወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ ታሪክ ነው። እኚህ ሴት ገና በልጅነታቸው ተድረው፣ በመጀመሪያ ወሊዳቸው ቀናት የወሰደ ምጥ ደርሶባቸው፣ ልጃቸውን አጥተው ፌስቱላ በሚባለው የወሊድ ጉዳት ተጎድተው በ1950ዎቹ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ሲመጡ፣ ያከሟቸው ከአውስትራሊያና ከኒውዚላንድ የመጡት ባልና ሚስት፣ ዶክተር ካትሪንና ዶክተር ሬጂናልድ ሐምሊን ነበሩ። ማሚቱ ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። ከዳኑ በኋላ እዚያው ቀርተው አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ፤ እንደርሳቸው የተጎዱትን ሴቶች ያጽናኑ ነበር፤ ኋላም ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል ገብተው መሣሪያ ማቀበል፣ ቀጥሎም ማገዝ፣ ከዘመናት ትዕግሥት በኋላም ራሳቸው መቅደድና መስፋት ለመዱ። እ.ኤ.አ. በ1989 የለንደን ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሐምሊኖች ሜዳሊያ ሲሰጥ ለማሚቱም አብሮ ሰጠ። ይህን የምነግራችሁ ትምህርት አያስፈልግም ለማለት አይደለም፤ ዛሬ ያለ ዲግሪ ቢላዋ እንድትጨብጡ የሚፈቅድላችሁ የለም፣ ሊፈቀድላችሁም አይገባም። እኔ የማደንቀው የደረጃውን ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ አልጋው፣ ቀጥሎ የበሽተኛዋ እጅ፣ ኋላ መሣሪያው። እኛ ዛሬ ልጆቻችንን ከመሣሪያው እንጀምራቸዋለን፤ ብዙዎቹም አልጋው ጋ ሳይደርሱ ይመረቃሉ።

እንግዲህ የምትመርጡት ሙያ ውሎና አዳሩ ምን እንደሚመስል አንድ ሁለቱን ላሳያችሁ። የሚያስል ሕፃን ይዛ እናቱ ስትመጣ፣ ሳምባ ምች ይዞት እንደ ሆነ ለመለየት ከምታደርጉት ሁሉ የሚቀድመው ትንፋሹን መቍጠር ነው። ልብሱ ከደረቱ ይገለጣል፤ የሚያለቅስ እንደ ሆነ ዝም እስኪል፣ ቢያስፈልግ በእናቱ እቅፍ እስኪረጋጋ ይጠበቃል፤ ከዚያም የሰዓት ሰከንድ እያያችሁ የደረቱን መነሣትና መውረድ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትቈጥራላችሁ። ከ2 ወር በላይ ሆኖ ዓመት ያልሞላው በደቂቃ 50 ወይም ከዚያ በላይ፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት ያለው 40 ወይም ከዚያ በላይ ቢተነፍስ ትንፋሹ ፈጣን ይባላል። በውጭ ሠላሳ ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ፣ ግማሽ ደቂቃ ቈጥሮ በሁለት ማባዛት እንዴት እንደሚያጓጓ እኔ ነኝ የማውቀው! የሕፃን ትንፋሽ ግን አንድ ወጥ አይደለምና የተባዛው ቍጥር ያታልላል። ያች የቀረችው ግማሽ ደቂቃ የማታታክተው ሰው ለዚህ ሙያ ተፈጥሯል ብዬ አምናለሁ።

ሌላው ሌሊት የሚሆነው ነው። ተረኛዋ አዋላጅ ምጥ የያዛትን ሴት ስትከታተል፣ የፅንሱን የልብ ትርታ በየግማሽ ሰዓቱ እያዳመጠች፣ የማኅፀን በሩን መከፈት እየለካች ፓርቶግራፍ በሚባለው ቅጽ ላይ ነጥብ ትጥላለች። ምጡ በርትቶ ነጥቦቹን የሚያያይዘው መስመር ከተወሰነለት መስመር ወደ ቀኝ ሲያልፍ፣ አምቡላንስ መጥራት ወይም ወደ ሆስፒታል መላክ የርሷ ውሳኔ ነው፤ በዚያች ሰዓት ከርሷ በላይ ሐኪም በአካባቢው የለም። ቅጹን በማለዳ ተቀምጦ በግምት የሚሞላ ሰው እንዳለ አልደብቃችሁም። እንዲህ ዓይነቱን ሰው ዲግሪ አያድነውም።

ስለ ዝግጅቱ የተጠየቅሁትንም በአጭሩ ልመልስ። ባዮሎጂና ኬሚስትሪ እንደሚያስፈልጋችሁ መምህራኖቻችሁ ነግረዋችኋል፤ እኔ የምጨምረው ሒሳብን እንዳትንቁ ነው፤ የሕፃን መድኃኒት በኪሎው ተሰልቶ ይሰጣልና፣ የነጥብ ቦታ የሳተ ሰው በአንድ መርፌ አሥር እጥፍ ሊወጋ ይችላል። የእጅ ጽሕፈታችሁንም አስተካክሉ። ደም ማየት አልችልም የምትሉኝ ካላችሁ ይህ ይለመዳል፤ እኔ ራሴ በመጀመሪያው ዓመት ግድግዳ ይዤ የቆምሁበት ጊዜ ነበር። የማይለመደው በሰው መሰልቸት ነው፤ አንድ ሽማግሌ ያንኑ የወገብ ሕመሙን አምስት ጊዜ ደጋግሞ ሲነግራችሁ ደማችሁ የሚፈላ ከሆነ፣ ሌላ የተከበረ ሙያ ሞልቷልና ወደዚያ ብትሄዱ ለእናንተም ለሽማግሌውም ይሻላል። ወላጆችም አንድ ነገር ከወዲሁ ይወቁልኝ፦ የጤና ባለሙያ ደመወዝ ከድካሙ ጋራ አይመጣጠንም፤ በዓሉንና ሌሊቱንም ተረኛነት ይወስደዋል። ልጃችሁን ለሀብት ብላችሁ ብትልኩት እርሱም እናንተም ታዝናላችሁ፤ ደመወዙ እንዲሻሻል መጠየቁ ግን መብቱ ነው፤ ሲጠይቅም አትንቀፉት።

በመጨረሻ፣ እኔ ያገለገልሁበት ጤና ጣቢያ ኃላፊ በዚህ ክረምት ከእናንተ መካከል የሚወድዱትን ለመቀበል ፈቃደኛ ሆነዋል። ሥራው በካርድ ክፍል ካርድ ማውጣት፣ ሕሙማንን ወደ ክፍላቸው መምራት፣ ለሚመዘኑት ሕፃናት ሚዛኑን ማዘጋጀትና ወለሉን ከጽዳት ሠራተኞች ጋራ መጥረግ ነው፤ አበል የለውም። ማንም መርፌ አይነካም። ሥራው ጠዋት በሁለት ሰዓት ተኩል ይጀመራል፤ ለመግባት የሚፈልግ ሁሉ ከዚህ ሥነ ሥርዓት በኋላ ስሙን ለርእሰ መምህሩ ያስመዝግብ።