«ደካማ» የሚባለው ማን ነው?
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ዛሬ የምናነሣው አንድ ቃል ነው። በቀበሌም፣ በእድርም፣ በእኛም መዝገብ «አቅመ ደካማ» የሚል ዓምድ አለ። ስማችን እዚያ ሲገባ ዱቄትና ዘይት እናገኝ ይሆናል፤ ሐሳባችንን የሚጠይቀን ግን የለም።

«ደከመ» አቅም አጣ ማለት ነው፤ ለፋ ማለትም ነው። «የድካሜን ዋጋ አላገኘሁም» ስንል ስለ ልፋታችን ነው። ጎህ ሳይቀድ እንጀራ ጋግራ፣ ጉሊት ውላ፣ ማታ ልጆቿን የምታበላ ሴት በሁለተኛው ፍች ደክማለች። ሰው የሚጠራት ግን በመጀመሪያው ነው።

በኢኮኖሚ በኩል እንየው። ብድር ስንጠይቅ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ አምጡ እንባላለን። ካርታው ብዙ ጊዜ በባል ወይም በአባት ስም ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1147 የሚንቀሳቀስ ንብረት ለብድር መያዣ እንዲሆን መንገድ ከፍቷል። ስለዚህ የስፌት መኪናም ሆነ ሌላ ዕቃ ስንገዛ በራሳችን ስም ደረሰኝ እንቀበል። በአማራ ክልል የገጠር መሬት ደብተር ላይ የሚስት ስምና ፎቶግራፍ ከባል ጋር መውጣቱ ትልቅ ነገር የሆነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በፖለቲካ በኩል ደግሞ፣ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰብ ራስ አድርጎ ሚስት እንድትታዘዘው ያዝዝ ነበር። የጋብቻ ዕድሜም ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ነበር። የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ሌሎች ብዙ ከታገሉ በኋላ፣ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን እኩል አደረገ፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 አለው። በዚያ ዓመት የሴቶች ክንድ አልጠነከረም። የተለወጠው ሕጉ ነው።

በማኅበራዊ ኑሮም ለቅሶ ቤት እስከ ሠልስት ቆመን ንፍሮ የምንቀቅለው፣ ሳህን የምናጥበው እኛ ነን። የእድር ዳኛና ጸሐፊ ሲመረጥ ግን በአብዛኛው ወንድ ነው።

ይህን ስንል ሕመምና እርጅና የሉም ማለታችን አይደለም። ዐይናቸው የደከመ እናት ደጋፊ ያስፈልጋቸዋል። እርዳታ መቀበላቸው ግን ድምፅ ሊያሳጣቸው አይገባም።

ስለዚህ ለጉባኤው ይህን ሐሳብ እናቀርባለን። «አቅመ ደካማ» የሚለው ዓምድ ከመዝገባችን ይውጣና የጎደለው ነገር በስሙ ይጻፍ፦ «መያዣ የላትም»፣ «ልጅ የሚይዝላት የለም»፣ «መድኃኒት ያስፈልጋታል»። የጎደለው ከታወቀ መፍትሔው ይታወቃል። እርዳታ የምትቀበል አባልም እንደ ማንኛችንም ትምረጥ፣ ትመረጥ።

ደጋፊዎቻችንም ስንት ደካማ እንደረዳን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ከስንት ሴት መንገድ ላይ ምን መሰናክል እንደተነሣ ጠይቁን።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል። ብቻዋን ሃምሳውን የተሸከመችውን ደካማ አንበላት፤ ሎሚውን እንካፈላት።