በእግዚአብሔር ዘንድ ገንዘብ ማን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በራዲዮ የምትሰሙን የተወደዳችሁ ምእመናን፤ እኛ ገንዘብ፥ ሀብት፥ ድልብ እያልን የምንጠራውን ነገር የዕብራይስጥ ቋንቋም በልዩ ልዩ ስም ይጠራዋል። ከእነዚህም ስሞች ሦስቱን ዛሬ እንመለከታለን።

መጀመሪያው «ኦጻር» ነው። ትርጓሜው የተከማቸ ሀብት፥ ደግሞም ሀብቱ የሚከማችበት ቤት ማለት ነው፤ የግዕዙ «መዝገብ» እንደዚሁ የሁለቱም ስም ነው። በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 28 ሰማይ የእግዚአብሔር መዝገብ ተብሎአል፤ በየጊዜው ለምድር ዝናም የሚሰጠው ይህን መዝገቡን ከፍቶ ነውና።

ሁለተኛው «መጥሞን» ነው፤ መሸሸግ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። በትንቢተ ኤርምያስ ምዕራፍ 41 እንደ ተጻፈ፥ የናታንያ ልጅ እስማኤል ብዙዎችን በገደለ ጊዜ 10 ሰዎች በእርሻ የሸሸጉትን ስንዴና ገብስ፥ ዘይትና ማር ነግረውት ከሞት ተረፉ። በሐረርጌ ማሽላውን በጉድጓድ የሚያኖር ገበሬ የዚህን ነገር ምሥጢር ያውቃል። ያ ድልብ ነፍስን ያዳነው ግን በተገለጠ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው «ስጉላ» ነው፤ በብሉይ ኪዳን 8 ጊዜ ብቻ ይገኛል። ለራስ ተለይቶ የሚጠበቅ፥ እጅግ የተወደደ ገንዘብ ማለት ነው። ንጉሥ ዳዊት ከእንዲህ ያለው ከግል ገንዘቡ 3000 መክሊት ወርቅና 7000 መክሊት ብር ለቤተ እግዚአብሔር መሥሪያ እንደ ሰጠ በመጽሐፈ ዜና መዋዕል ቀዳማዊ ምዕራፍ 29 ተጽፎአል። እግዚአብሔርም በደብረ ሲና፥ ቃል ኪዳኑን ቢጠብቁ እስራኤል የሚሆኑለትን በዚሁ ቃል ነገራቸው። ሐዋርያው ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 2 ይህን ክብር ለክርስቲያን ወገኖች ሰጠ።

ወገኖቻችን ሆይ፤ የምድር ንጉሥ ወርቁን ገንዘቤ ይላል፤ የሰማይ ንጉሥ ግን ሰውን ገንዘቤ አለ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን ደጅ እጁን ዘርግቶ የተቀመጠውን ነዳይ አልፈን ስንሄድ የማንን ገንዘብ ንቀን እንደ ሄድን እናስተውል። ጎተራችን ሞልቶ ሳለ ጎረቤታችን ጦሙን ቢያድር፥ እህላችንን ጠብቀን የእግዚአብሔርን ገንዘብ አጥፍተናል። እኛም ራሳችን የእርሱ ገንዘብ ስንሆን ለብርና ለወርቅ ባሮች ሆነን ልንገኝ አይገባንም።

ስለዚህ መዝገባችንን እንክፈት፤ የሸሸግነውን ለተራበው እናውጣ፤ የምንወደውንም እንደ ዳዊት በፈቃዳችን እንስጥ። ቸሩ አምላካችንም ገንዘቡ አድርጎ ይጠብቀን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።