ከበረንዳ ወደ በረንዳ «እንኳን አደረሰሽ»
(በገና ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር፣ ጠሪቅ ኤል ጅዲዴ)

ሙስሊም እህቶቻችን፣ አብራችሁን ስለዋላችሁ እናመሰግናለን።

እዚህ አገር ገና ሁለት ጊዜ ሥራ ይዘጋል፤ ዲሴምበር 25 እና የአርመኖቹ ጃንዋሪ 6። የእኛው ጃንዋሪ 7 ግን ለማዳም ተራ ቀን ነው።

በመጀመሪያው ዓመቴ በገና ዕለት ልብስ እያሰጣሁ ነበር። በር ይቆለፍብኛል፣ ስልክ የለኝም። ከጠባቧ መንገድ ማዶ፣ በረንዳ ላይ አንዲት ልጅ ምንጣፍ ታራግፋለች። አየችኝና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እንኳን አደረሰሽ!» አለችኝ። ልመልስላት ስል እንባዬ ቀደመኝ። ዶሮ የለ፣ ቡና የለ፣ ቄጤማ የለ፤ ለእኔ ግን ያ ገና ነበር።

በኋላ ስንተዋወቅ ለካ የወሎ ልጅ ናት፣ ሙስሊም። «እንዴት አወቅሽ?» ብላት «ማዕተብሽን አይቼ» አለችኝ። ወደዚህ ማኅበርም ያመጣችኝ እሷው ናት።

ሰላምታ መብትን አይተካም። የ2009ኙ (እ.ኤ.አ.) የሥራ ውል በሳምንት 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጠናል፤ እሱን መጠየቃችንን አንተውም። የተቆለፈባት እህት ግን መብቷን የምትሰማው መጀመሪያ የሚያናግራት ሰው ስታገኝ ነው።

ስለዚህ እሑድ የምትወጡ፣ መንገድ ላይ ቀና በሉና በረንዳውን እዩ። በአማርኛም በኦሮምኛም ሰላም በሏት። ማዳም አጠገቧ ካለች ጣጣ እንዳታመጡባት ዝም በሉ፤ የእጅ ሰላምታ ይበቃል። በሌላ ቀን ስሟን ጠይቋት።

ለከርሞ እሷም እዚህ መሀላችን ትቀመጥ። አሜን በሉ!