በሐይቅ ባሕር ዳርቻ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከደሴ ወደ ወልድያ ስንጓዝ ብዙዎቻችን በሐይቅ ከተማ እናልፋለን እንጂ ወደ ባሕሩ አንወርድም። እኛ ግን ከደሴና ከኮምቦልቻ ተሰባስበን ባለፈው ቅዳሜ ዳርቻውን ይዘን በእግር ተጓዝን። ያየነውንና ያሳሰበንን ባጭሩ እንገልጽላችኋለን።

ጉዞው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከደሴ በስተ ሰሜን ያለው ቦሩ ሜዳ፣ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓ.ም. የሃይማኖት ጉባኤ ያደረጉበት ቦታ ነው። ከዚያ ወርደን ከባሕሩ ደረስን። ፊላው መካከል ዳክዬዎች ይዋኛሉ፤ ዓሣ አጥማጆችም መረባቸውን ይፈታሉ። የሚያጠምዱት ቆሮሶ በ1970 ዓ.ም. አካባቢ ከሌላ ውኃ መጥቶ የተጨመረ ነው።

የእስጢፋኖስ ገዳም ቀድሞ በደሴት ላይ ነበረ፤ ዛሬ ግን ከየብስ ጋር ተያይዟል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ13ኛው መቶ ዓመት ትምህርት ቤት አቋቁመውበታል፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ተምረውበታል። አቡነ ኢየሱስ ሞዐ በ1273 ዓ.ም. ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል የታወቀ ነው፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ተጽፎበታል። ገዳሙ በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ ተዘርፏል፤ መዝገቡ ግን ምን እንደ ነበረው ይመሰክርለታል።

ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ እኅቶቻችን በዳርቻው ቀሩ። ስንመለስ አዝነው እናገኛቸዋለን ብለን ነበር። እነርሱ ግን ወፎቹን በደብተር ሲቆጥሩ፣ እርሻው እስከ ውኃው አፍ የደረሰበትንና ፊላው የታጨደበትን ቦታ ሲመዘግቡ ቆይተዋል። እውነቱን ለመናገር ከእኛ ይልቅ እነርሱ ብዙ አይተዋል።

በ1512 ዓ.ም. ወደ አገራችን የመጣው የፖርቱጋል ቄስ አልቫሬዝ በዚህ ባሕር ጉማሬ እንዳለ ጽፏል። ዛሬ ጉማሬ የለም። መቼና ለምን እንደ ጠፋ አንድ ሽማግሌ ብንጠይቅ፣ «ልጆቼ፣ እኔም ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም» አሉን። አንድ ፍጥረት ሲጠፋ የጻፈለት ሰው ከሌለ ሁለት ጊዜ ይሞታል ማለት ነው።

ደግሞም ይህ ባሕር መውጫ የለውም። ከአርዲቦ በአንከርካ ወንዝ የሚወርደውና ከዙሪያው ተራራ የሚታጠበው ሁሉ እዚያው ይቀራል፤ ያጠፋነው ጥፋትም እንደዚሁ። ገበሬውን ብቻ መውቀስ ግን አይገባም፤ መሬት የጠበበው ሰው ውኃው አፍ ድረስ ቢያርስ ችግር ገፍቶት ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን በየዓመቱ አንድ ቀን ወስኖ ዳርቻውን እንዲዞር፣ የወፉን ብዛትና የውኃውን ልክ በመዝገብ እንዲያኖር እንጠይቃለን። የሳይንስ መምህራን አለካኩን ያስተምሩን፤ የመጀመሪያውን ገጽ እኅቶቻችን ጽፈውታል። የጥንት መነኮሳት ያላቸውን ቆጥረው ካቆዩልን፣ እኛ የተማርነው የያዝነውን ሳንቆጥር ብናስረክብ ያሳፍራል።