ፈጠራና የገንዘብ ሳጥናችን
(በማህበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ሠራተኛዋ የቀረበ ንግግር)



«ፈጠራ ለኢኮኖሚ ማገገምና ለማህበራዊ ዕድገት ያለው ሚና» በሚል ርዕስ እንድናገር ስጠየቅ ርዕሱ ትንሽ ከበደኝ። እኔ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ የማውቀው ገቢና ወጪ ነው። ስለዚህ የምናገረው ስለ ገንዘብ ሳጥናችን ነው።

ፈጠራ ሲባል ብዙዎቻችን የሚታየን ማሽን ነው። ነገር ግን የእኛ ዓይነት የራስ አገዝ ቡድን ራሱ ፈጠራ ነው። ዕቁብን ሁላችንም እናውቃለን። ሃያ ሴቶች በየሳምንቱ ሃምሳ ሃምሳ ብር ቢጥሉ 1,000 ብር ይሰበሰባል፤ ዕጣ የወጣላት ትወስዳለች፤ ዙሩ ሲሞላ ዕቁቡም ያልቃል። በእኛ አሠራር ግን ያው 1,000 ብር አይበተንም። በብድር ይወጣል፣ ተመልሶ ይገባል፣ ለሌላዋ ይወጣል፤ በዓመቱ ቁጠባው ብቻ 52,000 ብር ይደርሳል። ሴቶቹም ያው ናቸው፣ ብሩም ያው ነው፤ የተለወጠው አሠራሩ ነው።

ይህ አሠራር ግን አንድ ደካማ ጎን አለው፤ ኮሮና አሳይቶናል። በ2012 የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብን ከለከለ። ለእኛ ዓይነት ቡድን ስብሰባው ማለት ባንኩ ማለት ነው፤ ካልተሰበሰቡ ቁጠባም ብድርም የለም። ጉሊት የምትሸጥ ሴት መነሻ ገንዘብ ያስፈለጋት ደግሞ ልክ በዚያን ጊዜ ነበር።

ጎረቤታችን ኬንያ በዚህ ቀድማናለች። ሳፋሪኮም ኤም ፔሳን የጀመረው በፈረንጆቹ 2007 ነው። ታቭኒት ሱሪና ዊሊያም ጃክ የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች በ2016 ባወጡት ጥናት፣ ይህ አገልግሎት 194,000 የሚሆኑ ቤተሰቦችን ከድህነት እንዳወጣ፣ 185,000 ያህል ሴቶችም ዋና ሥራቸውን ከእርሻ ወደ ንግድ እንዲያዞሩ እንደረዳ ገምተዋል። እኔን የገረመኝ ስልኩ ለማንም አንድ ሳንቲም አለመስጠቱ ነው። ያደረገው ነገር ቢኖር የነበረው ብር በቀላሉ እንዲንቀሳቀስ ማድረግ ነው። ልጅ የታመመባት ሴት ከተማ ያለ ወንድሟ በዚያው ቀን ከላከላት ላሟን አትሸጥም። ደግሞም ገንዘቧን በመቀነቷ ከመቋጠር የተሻለ መደበቂያ አገኘች። (ከማን እንደምትደብቅ እዚህ ማብራራት አያስፈልገኝም።)

በእኛም አገር ኢትዮ ቴሌኮም ቴሌብርን በግንቦት 2013 ጀምሯል፤ ኤም ፔሳም በ2015 መጨረሻ ገብቷል። ቴሌብር በተራ ስልክም በ*127# ይሠራል።

ታዲያ ለምን ዛሬ አነሳሁት? ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 አለፈ። እንዲህ ባለ ጊዜ ሳጥን ውስጥ ተኝቶ የሚያድር ብር በየቀኑ ይሳሳል። ስልክ ውስጥ ቢገባም ይሳሳል፤ በዚህ ራሳችንን አናታልል። ልዩነቱ ፍጥነቱ ላይ ነው። ሳጥናችን የሚከፈተው በሳምንት አንድ ቀን፣ ሦስቱም ቁልፍ ያዦች ሲሟሉ ነው። አንዷ ለቅሶ ከሄደች ያ ሳምንት ብድር የለም። በርበሬው በደህና ዋጋ የተገኘው ማክሰኞ ከሆነ ቅዳሜን አይጠብቅም።

ይሁንና ሳጥኑ የሚሠራው፣ ስልክ ግን የማይሠራው አንድ ትልቅ ሥራ አለ። ብሩ በሁላችን ፊት፣ ጮክ ተብሎ ይቆጠራል። ማንበብ የማትችል እናት ታያለች፣ ትሰማለች፣ ድምሩን በቃሏ ይዛ ትሄዳለች። ኮሌጅ ኦዲት ብለው ያስተማሩኝ ይህንኑ ነው። በስልክ የሚመጣ መልእክት ግን ለእሷ የመስመር ጭረት ነው። የሚስጥር ቁጥሯን ለልጇ ወይም ለባሏ ትሰጣለች፤ ከዚያ በኋላ ቁጠባው የማን እንደሆነ እርግጠኛ መሆን አይቻልም። «ሲቆይ ይለምዱታል» የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሳታውቀው የምትለምደው ነገር ጌታዋ ይሆናል።

ስለዚህ ለሦስት ወር ብቻ እንሞክረው እላለሁ። ፈቃደኛ የሆኑት በስልክ ይቆጥቡ፤ የቀሩት በሳጥኑ ይቀጥሉ፤ በብድር ተራ ግን ማንም ማንንም አይቀድምም። በየቅዳሜው የስልኩም መልእክት እንደ ብሩ ጮክ ተብሎ ይነበብ፤ በእጅ ደብተራችሁም ላይ በእስክሪብቶ ይጻፍ። እኔ በየወሩ ሁለቱን ሂሳቦች አስታርቄ ልዩነት ካለ እዚሁ እናገራለሁ።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ ታብሌት አትግዙልን። ገንዘቡን በሳምንት ሁለት ቀን ለምታስተምረን አንዲት መምህርት ደመወዝ አድርጉልን። ከ0 እስከ 9 ለይታ የምታውቅ ሴት የሚስጥር ቁጥሯን ራሷ ታስገባለች።

ድምፅ የምንሰጠው ከቡናው በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሐሳቡን የማትወዱት እናቶች ቀድማችሁ ብትናገሩ ደስ ይለኛል፤ ደብተሩን ይዤ እዚሁ እቀመጣለሁ።